የስህተት ደብተር፦ ለሕክምና መግቢያ ፈተና ኮዬ ፈጬ ላይ እንዴት እንዳጠናሁ

ጥያቄ ቁጥር 67ን ሠርቼ ላጠቁር ስል መልስ ወረቀቱ ላይ ቀጥሎ ያለው ባዶ መስመር 66 ነው። ደግሜ አየሁ። 66 ነው። 41ኛውን ጥያቄ "በኋላ እመለስበታለሁ" ብዬ ዘልዬው ነበር። መልስ ወረቀቱ ላይ ግን መዝለሌን ረስቼ የ42ን መልስ 41 ላይ አጥቁሬዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ያጠቆርኩት ሁሉ አንድ አንድ መስመር ወደ ላይ ሸሽቷል። ሃያ አምስት መልስ!

ላጲስ አወጣሁ። እጄ አልቦት ወረቀቱ ይጎተታል። አንዷ ክብ ጋ ሊቀደድ ምንም አልቀረው። ሃያ አምስቱን አጥፍቼ እንደገና ሳጠቁር ፈታኙ "አሥራ አምስት ደቂቃ ቀራችሁ" አለ። ሰዓቱ ሲያልቅ ከመቶው ጥያቄ የመጨረሻዎቹን አሥራ አራቱን ገና አላነበብኳቸውም ነበር።

ለሕክምና መጀመሪያ ስወዳደር የወደቅኩት እንዲህ ነው። ለብዙ ጊዜ ጥፋቱን ሁሉ በዚያ ላጲስ ላይ አላከክሁ። ቤት ቁጭ ብዬ ሳስበው ግን መስመሩ ባይሳሳትም የማልፍ አይመስለኝም። ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

በቅድሚያ ለማያውቅ ሰው መንገዱን ላስረዳ። ማትሪክ ማለፍ ብቻውን ሕክምና አያስገባም። የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ መጀመሪያ ፍሬሽማን ይማራል፣ ወደ ሕክምና የሚለየው ከዚያ በኋላ ነው። የማትሪክ ውጤት ይታያል፣ የፍሬሽማን ጂፒኤ (አማካይ ውጤት) ይታያል፣ እንደየተቋሙ ደግሞ የመግቢያ ፈተና አለ። ቃለ መጠይቅ የሚጨምሩም አሉ። የትኛው ስንት ከመቶ እንደሚያዝ ከቦታ ቦታ፣ ከዓመት ዓመት ይለያያል። ስለዚህ ማስታወቂያውን ራሳችሁ ከተቋሙ አንብቡት። "እንዲህ ነው አሉ" በሚል ወሬ አንድ ሙሉ ትምህርት ሳያጠና የገባ ልጅ አውቃለሁ።

እኔ የ2014 ባች ነኝ። ማትሪክን ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብቶ የተፈተነው የመጀመሪያው ባች። ፈተናው ጥቅምት 2015 ላይ ተሰጠ፣ ውጤቱ ጥር ላይ ወጣ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ተማሪ 3.3 በመቶ ብቻ ሆነ። ከእነዚያ ውስጥ ስለነበርኩ ገና ፍሬሽማን ሳልገባ ብሎካችን በሙሉ "ዶክተር" ይለኝ ጀመር። እማዬ ጠላ ጠመቀች። የጥበቃው ሽማግሌ ስለ ወገባቸው ሕመም ያማክሩኝ ነበር። እንግዲህ ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው የሕክምናው ስም ዝርዝር ላይ ስሜ የጠፋው።

ሌላ ዲፓርትመንት ደረሰኝ። አንድ ወር ተማርኩ፣ አልሆነልኝም፣ ዊዝድሮዋል (የማቋረጫ ቅጽ) ሞልቼ ቤት መጣሁ። ይሄን አድርጉ አልልም። የግድ ካደረጋችሁት ግን ወደ ትምህርታችሁ መመለስ የሚያስችላችሁን ወረቀት ማኅተም አስመትታችሁ ያዙ። ግቢውን ለቅቃችሁ ከወጣችሁ በኋላ ለአንዲት ፊርማ መመላለስ ያንገሸግሻል። አባዬ ሦስት ቀን አላናገረኝም። በአራተኛው ቀን ጠረጴዛ ገዝቶ መጣ። እሱ ይቅርታ የሚያደርገው እንዲህ ነው።

ቤታችን ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። የአዲስ አበባ ጫፍ ነው፣ ሌሊት ጅብ ይሰማል። ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። መብራት ሲፈልግ ይሄዳል። ጠዋት ታክሲ ለመያዝ ሰልፉ ራሱ አንድ ኮርስ ነው። መሃል ከተማ ያሉ ልጆች ቱቶሪያል ሲገቡ እኔ ለደርሶ መልሱ ብቻ አራት ሰዓት ይበላብኛል። መጀመሪያ ተነጫነጭኩ። በኋላ ግን ቱቶሪያል አለመግባቴ እንደጠቀመኝ ገባኝ፣ ሌላ ሰው እየፈታ ሳይ የገባኝ ስለሚመስለኝ።

አሁን ወደ ተውኩት ልመለስ። መስመሩ ባይሳሳትም የማላልፈው ለምን ነበር? ቸክዬ ስለነበር ነው። አራት ወር ሙሉ አንብቤያለሁ። በቢጫና በሮዝ ማርከር መጽሐፎቼን ቀብቼ ሠርገኛ አስመስያቸዋለሁ። ስለ ኩላሊት ብትጠይቁኝ ሥዕሉ በየትኛው ገጽ በየትኛው በኩል እንዳለ እነግራችኋለሁ። ኩላሊቱ ምን እንደሚሠራ ግን ጥያቄው አቅጣጫውን ትንሽ ካዞረብኝ ጠፋሁ።

ይሄን ያሳየችኝ እማዬ ናት። እሑድ ቡና እየቆላች "እስኪ ያነበብሽውን ለእኔም ንገሪኝ" አለች። ልብ ላይ ነበርኩ። ቀኝና ግራ፣ ላይና ታች፣ ደሙ ከሰውነት መጥቶ በቀኝ በኩል ወደ ሳንባ፣ ከሳንባ መጥቶ በግራ በኩል በአኦርታ (በትልቁ ደም ሥር) ወደ ሰውነት፣ አንበለበልኩት። ዝም ብላ ሰማችኝና መቁያውን እያወዛወዘች "ታዲያ ልብ ራሷ ደሟን ከየት ታገኛለች? በውስጧ ከሚያልፈው ትጠጣለች?" አለችኝ።

"አዎ" አልኳት። ከዚያ ተጠራጠርኩ። ቡናው ሳይፈላ መጽሐፉን አወጣሁት። አትጠጣም። የልብ ሥጋ ወፍራም ስለሆነ በውስጡ የሚያልፈው ደም አያጠግበውም። አኦርታ ከልብ እንደወጣ፣ ከቫልቩ ከፍ ብሎ፣ ኮሮናሪ የሚባሉ የራሷ ደም ሥሮች ይነሣሉ። ልብ ስትኮማተር እነዚህ ሥሮች አብረው ይጨመቃሉ። ስለዚህ ግራው የልብ ክፍል ደሙን በብዛት የሚያገኘው ልብ ስትላላ ነው። ይሄንን ስነግራት እማዬ "በይ ምግቧን የምትበላው ስታርፍ ነው በይኛ" አለች።

ኮሮናሪ አርተሪን ከዚያ በፊት ስንት ጊዜ በቢጫ እንደቀባሁት አልነግራችሁም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ሕግ አወጣሁ። ለእማዬ በአማርኛ ማስረዳት ያቃተኝን ነገር "አውቀዋለሁ" አልልም። ቢያንስ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የተማርነው በእንግሊዝኛ ነው፣ ፈተናውም በእንግሊዝኛ ነው። ቃሉን ስለምናውቀው ነገሩን ያወቅን ይመስለናል። "ኦስሞሲስ" ማለት ቀላል ነው። ጨው የበዛበት ሰላጣ ለምን ውኃ እንደሚተፋ ለእናታችሁ ንገሯትና እዩ። በርግጥ ጥያቄውን መልሼ በእንግሊዝኛ እሠራ ነበር፣ ያኛውም ልምምድ ይፈልጋል።

ሁለተኛው ነገር የስህተት ደብተር ነው። ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ እሱ ነው ብል አላጋነንኩም። ወፍራም ሽፋን ያለው ደብተር ገዛሁ። የሳትኩትን ጥያቄ እጽፋለሁ፣ የመለስኩትን እጽፋለሁ፣ ከዚያ ለምን እንደዚያ እንደመለስኩ እጽፋለሁ። ትክክለኛውን መልስ ብቻ መገልበጥ ዋጋ የለውም። አጠገቡ ከሦስት ፊደል አንዱን አደርጋለሁ። "አ" ማለት አላውቀውም ነበር። "ረ" ማለት አውቀው ነበር፣ ረሳሁት። "ች" ማለት ቸኮልኩ፣ ጥያቄውን በደንብ አላነበብኩም።

መጀመሪያ ሰዓት ይዤ የሠራሁት መቶ ጥያቄ ላይ 38 ሳትኩ። ቆጠርኳቸው። "አ" 11፣ "ረ" 9፣ "ች" 18። ደነገጥኩ። ስወድቅ "ገና ብዙ ማንበብ አለብኝ" ነበር የምለው። ካላነበብኩት የመጣው ግን 11 ብቻ ነው። ግማሽ የሚጠጋው እያወቅኩት የጣልኩት ነው።

የ"ች" ጥያቄዎች ይመሳሰላሉ። "ያልሆነው የቱ ነው" የሚለውን "የሆነው" ብሎ ማንበብ አንዱ ነው። በእንግሊዝኛ "ኤክሰፕት" ወይም "ኖት" ስታዩ ክበቧት፣ ሁሌም። ሌላው መለኪያ ነው። ፍጥነቱን በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ብሎ ይሰጥና መልሱን በሰከንድ በሜትር ይጠይቃል። 72ን ለ3.6 አካፍላችሁ 20 ካላደረጋችሁት በስህተት የሚመጣው ቁጥርም ምርጫው ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቃችኋል። ጥያቄ አውጪዎች የምንሳሳተውን ከእኛ በላይ ያውቁታል።

ሦስት ጊዜ የሳትኩትን አንድ ጥያቄ ላሳያችሁ። እናትና አባት ጤነኛ ናቸው፣ ነገር ግን ሁለቱም የአልቢኒዝምን ዘረመል ተሸክመዋል። የተወለደው ልጅ ጤነኛ ነው። ይሄ ልጅ ተሸካሚ የመሆን ዕድሉ ስንት ነው? ግማሽ አልኩ። በሳምንቱ አሁንም ግማሽ። ልጁ ከሁለቱ ሊወርስ የሚችለውን የሚያሳየውን አራቱን ሣጥን ሥሩ። አንዱ ንጹሕ፣ ሁለቱ ተሸካሚ፣ አንዱ አልቢኖ። ግማሽ የሚሆነው ስለ ልጁ ምንም ካልተነገራችሁ ነው። እዚህ ግን "ጤነኛ ነው" ተብላችኋል። ስለዚህ አራተኛው ሣጥን ወጥቷል። የቀሩት ሦስት ናቸው፣ ከሦስቱ ሁለቱ ተሸካሚ። ሁለት ሦስተኛ። ደብተሬ ላይ "አራተኛውን ሣጥን አውጪው!" ብዬ በቀይ ጽፌበታለሁ። በሦስተኛውም ሳትኩት። በአራተኛው ገባኝ።

ደብተሩ ተጽፎ የሚቀመጥ አይደለም። መልሱን በወረቀት ሸፍኜ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ከሳምንት በኋላ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ እንደገና እሠራዋለሁ። ሦስቴ ተከታትሎ ልክ የመጣውን እሰርዘዋለሁ። መሰረዝ ደስ ይላል። አንዳንድ ቀን ያነሣሣኝ የነበረው እሱ ብቻ ነው።

ካልኩሌተር አይፈቀድም ነበር። ስለዚህ የጭንቅላት ሒሳብ የግድ ነው። የ2 ሎግ 0.3፣ የ3 ሎግ 0.48 ገደማ መሆኑን ብቻ ብትይዙ ብዙ የፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) ጥያቄ ይፈታል። 0.002 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ? ከ3 ላይ 0.3 ቀንሱ፣ 2.7። እዚያው አካባቢ አንድ ወጥመድ አለ። አሲዱን በጣም አቅጥነው የ100 ሚሊዮን አንድ እጅ ሞላር ያደርሱትና ፒኤቹን ይጠይቃሉ። በቀመሩ ስትሄዱ 8 ይመጣል። አሲድ በውኃ ቀጥኖ ቤዝ አይሆንም! የውኃው የራሱ ሃይድሮጅን አዮን አለ፣ መልሱ ከ7 ትንሽ ዝቅ ያለ ነው። ወጥ ውስጥ ውኃ ብትጨምሩ ይቀጥናል እንጂ ሻይ አይሆንም፣ እማዬን ያስረዳኋት እንዲህ ብዬ ነው።

ውኃ በምትመጣበት ቀን ጄሪካን ተሸክሜ አራት ፎቅ እወጣለሁ። ያንን ጊዜ ላባክነው አልፈለግኩም። ሴል ስኳርን እንዴት እንደሚያቃጥል በደረጃው ላይ አስቀመጥኩት። ምድር ላይ ግላይኮሊሲስ፣ ከሚቶኮንድሪያ ውጭ፣ ትርፉ ሁለት ኤቲፒ (የሴሉ ጉልበት) እና ሁለት ኤንኤዲኤች (ኃይል ተሸካሚው)። አንደኛ ፎቅ ላይ ከግላይኮሊሲስ የወጣው ፓይሩቬት ወደ ሚቶኮንድሪያ ይገባል፣ ሁለት ኤንኤዲኤች። ሁለተኛ ፎቅ ክሬብስ፣ ስድስት ኤንኤዲኤች፣ ሁለት ኤፍኤዲኤች2፣ ሁለት ኤቲፒ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ጄሪካኑን አስቀምጬ እደምራለሁ፣ አሥር ኤንኤዲኤች። አራተኛ ፎቅ ኦክስጅን። እውነትም እዚያ ስደርስ የሚያስፈልገኝ ኦክስጅን ነው። ፈተናው ላይ ይሄ ሲመጣ የመጀመሪያ ሐሳቤ የሦስተኛ ፎቅ ጎረቤታችን የጫማ መደርደሪያ ነበር።

ሰዓቴን በተመለከተ ብዙ የምለው የለም። ሌሊት 10 ሰዓት እነሣለሁ፣ እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ከባዱን አጠናለሁ፣ ቀን የቤት ሥራ አግዛለሁ፣ ከሰዓት ጥያቄ እሠራለሁ፣ ማታ 3 ሰዓት እተኛለሁ። ሌሊቱን ሙሉ ማንጋት የሚመቸው ሰው ካለ ይመቸው፣ እኔን በማግስቱ ያፈዘኝ ነበር። መብራት ሲሄድ በሶላር አምፖል። ሰፈሩ ውስጥ ድንኳን ተጥሎ ሙዚቃ ሲከፈት ደግሞ ያ ቀን የእንግሊዝኛ ምንባብ ቀን ይሆናል፣ ከባድ ነገር አይነካም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ከተማ እወጣ ነበር። አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት። በ2014 የተከፈተው ማለት ነው። ለንባብ አልሄድም፣ ለንባብ ያን ሁሉ መንገድ መሄድ ኪሳራ ነው። የምሄደው ለሙከራ ፈተና ነው። ቤት ውስጥ ሰዓት ይዤ ስሠራ ታናሽ ወንድሜ ይገባል፣ እማዬ "ሽንኩርት ክተፊልኝ" ትላለች፣ ሰዓቱን አቆማለሁ። እዚያ ግን የማላውቃቸው ሰዎች መሃል ዝም ብሎ ነው። ስልክ አጥፍቼ፣ የእጅ ሰዓት ጠረጴዛ ላይ አድርጌ፣ መልስ ወረቀት ራሴ ሠርቼ አጠቁራለሁ። የእጅ ሰዓት ልመዱ። ስልክ እንደሆነ ፈተና ላይ አይገባም።

ማጥቆሩን የተለማመድኩት በሌላ ምክንያት እንደሆነ ገምታችኋል። ዘዴዬ ይሄ ነው። ስዘል መልስ ወረቀቱ ላይ በዚያ ቁጥር ጎን በእርሳስ ስስ ነጥብ አደርጋለሁ፣ በኋላ አጠፋታለሁ። በየአሥሩ ጥያቄ ደግሞ ቆም ብዬ ቁጥሩን ከቁጥሩ አስተያያለሁ። ሁለት ሰከንድ ነው የሚፈጀው።

አንድ የማፍርበት ነገርም አለ። ፈተናው ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ቴሌግራም ላይ "ፈተናው ወጥቷል" የሚል አየሁ። 1,200 ብር ላኩ። የእማዬ የዕቁብ ብር ነበረበት። የመጣልኝ የቆየ የማትሪክ ጥያቄ ነው፣ ሽፋኑ ብቻ ተቀይሮ። ግማሹን ደብተሬ ላይ ሠርቼዋለሁ። ብሬን መልሱልኝ ብዬ ብጽፍላቸው አግደውኛል። ብሩ ሄደ፣ ከብሩ ይልቅ ግን ያንን ፋይል ስጠብቅ ሳላጠና የቀረሁት ሦስት ቀን ነው የሚቆጨኝ።

ፈተናው አንድ ሳምንት ሲቀረው መንገዱን ሞከርኩት። ልክ ፈተናው በሚውልበት ቀንና ሰዓት፣ ማክሰኞ ሌሊት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ከቤት ወጣሁ። ታክሲ የለም። ለካ በዚያ ሰዓት የሚሻለው አውቶቡሱ ነው፣ መነሻው ጋ ከሄዱ። ሁለት ሰዓት ከሩብ ፈጀብኝ። ይሄን የሞከርኩት በሳምንቱ ቢሆን አልቆልኝ ነበር። አባዬ በፈተናው ቀን አብሮኝ ወጣ። አውቶቡስ ውስጥ አንድም ቃል ስለ ፈተና አላወራም። ስለ ጤፍ ዋጋ ነው ያወራው፣ እስከምንወርድ። ቦርሳዬ ውስጥ መታወቂያ፣ ሦስት እርሳስ፣ ሁለት ላጲስ፣ መቅረጫ፣ ውኃና ቆሎ ነበር። ላጲሱ ለስላሳው ነጭ ነው። ያኔ ወረቀት ሊቀድብኝ የነበረው በእርሳስ ጫፍ ላይ የሚመጣው ደረቁ ነው።

መጀመሪያ ዙር የማውቀውን ብቻ ሠራሁ። ሁለተኛ ዙር ማሰብ የሚፈልገውን። ለስህተት የሚቀነስ ነጥብ ስላልነበረ የመጨረሻዎቹን አራት በግምት ሞላኋቸው። የእናንተ ፈተና ላይ ይቀነስ እንደሆነ መመሪያውን አንብቡ። ሲደወል ያላነበብኩት ጥያቄ አልነበረም።

ቃለ መጠይቁ አጭር ነበር። "ለምን ሐኪም መሆን ፈለግሽ?" ሲሉኝ የተዘጋጀሁበትን ትቼ ስለ ጥበቃው ሽማግሌ ወገብ ነገርኳቸው። አንዷ ሳቀች። "ታዲያ ምን አልሻቸው?" አለችኝ። "ጤና ጣቢያ ይሂዱ አልኳቸው" አልኩ። ስሜ ከወር በኋላ ዝርዝሩ ላይ ነበር፣ ከታች ሦስተኛ።

ደብተሩ አሁን ታናሽ ወንድሜ ጋ ነው፣ 12ኛ ክፍል ደርሷል። ባለፈው ቤት ስሄድ ገለጥኩት። ስለ ደም ሥር የጻፍኩት ገጽ ላይ "አርተሪ ሁሉ ኦክስጅን የበዛበት ደም ይሸከማል፣ ከሳንባው በስተቀር" የሚል አለ፣ ከሥሩ ሁለቴ አስምሬበታለሁ። ጎኑ ላይ በእርሳስ፣ በዚያ ክፉ የእጅ ጽሑፉ፣ "የእትብቱስ?" ብሎ ጽፎበታል፤ ለካ የእትብት አርተሪም እንደ ሳንባው ነው። አጠገቡ ደግሞ "ች" አድርጎልኛል።